ያልተሰበረው ጓጉንቸር

ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ባለቤት ያልመጣለት ዕቃ የሚቀመጥበት አንድ ክፍል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሣህሉ ይባላል። ኃላፊ ሲባል ታዲያ አዛዡም ታዛዡም እሱው ብቻ ነው። ተሳፋሪ ረስቶት የወረደው ሻንጣ፣ ኮንትሮባንድ ፈታሹ ፊናንስ ሲመጣ «የእኔ አይደለም» የተባለ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚረሳው እስከ ዛሬ ያልታወቀ የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ ሁሉም ወደ እሱ ይመጣል። ደንቡ አጭር ነው። ዕቃው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ከዚያ ሦስት ምስክር ባለበት ይከፈታል። ቁልፍ ከሌለው በመዶሻ ይሰበራል።

ሣህሉ ከሃያ ዓመት በላይ ሰብሯል። ከመንዝ ወጥቶ ድሬ ሲገባ ጎረምሳ ነበር፤ መዶሻውን የተረከበው ያን ጊዜ ነው፤ ሲሰብርም አንድ ቀን ክፉ ደግ አስቦ አያውቅም። ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ ግን በእጁ አንድም ጓጉንቸር አልተሰበረም። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመናገር ከልጁ መጀመር ግድ ነው።

ልጁ ገብረ መድኅን በ1970 ታኅሣሥ ላይ ከቤት ተወሰደ። ሦስት የታጠቁ ሰዎች በጠዋት መጡና ቤቱን ገለባበጡት። የልጁን የብረት ሣጥን እንዲከፍት አዘዙት፤ ከፈተላቸው። ልብሱን በትነው መጻሕፍቱን ወሰዱ። ገብረ መድኅን ግን አይቸኩሉት ይመስል ልብሱን አንድ በአንድ አጥፎ መለሰ፤ ሣጥኑን በነሐስ ጓጉንቸሩ ቆለፈና ቁልፏን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከቶ ሄደ። ሸሚዙ ሰማያዊ ሰንበር ያለው ነጭ ነበር። የሸሚዙ ሁለተኛ የደረት ቁልፍ ተበጥሶ ስለነበር ሣህሉ ከአሮጌ የባቡር ኮቱ ላይ የናስ ቁልፍ ፈትቶ በገዛ እጁ ሰፍቶለታል። የሣህሉ ሚስት አስካለማርያም «ባቡር ነጂ አስመሰልከው» ብላ ስቃበት ነበር።

«እመለሳለሁ ብሎ ነው የቆለፈው» አለ ሣህሉ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ። አስካለማርያምም እንደዚያው አለች። ሁለቱም በዚያ ቃል ተስማሙና ሣጥኑን የአልጋው እግርጌ አስቀመጡት።

ሣህሉ አላለቀሰም። ያን ጊዜ ደፋር ስለሆነ መስሏቸው የተደነቁለት ጎረቤቶች ነበሩ፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ምንም አልተሰማውም። ጨው የበዛበትን ወጥ ጨው እንደሌለው አድርጎ ይበላ ነበር። የግንቦት ሙቀት ሰዉን ሁሉ ከቤት ሲያስወጣ እሱ ኮቱን ለብሶ ይቀመጣል። የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፤ ሥራ ይገባል፣ ሰላምታ ይመልሳል፣ ጢሙን ይላጫል። ከውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

በዚያን ጊዜ እስረኛ ማየት አይፈቀድም። ምሳ በር ላይ ይሰጣል፤ ከቆይታ በኋላ ባዶ ሳህን ይወጣል። ባዶ ሳህን ከወጣ ሰውየው አለ ማለት ነው። ምሳው ሳይነካ ከተመለሰ፣ ከዚያም ልብሱ ተጠቅልሎ ከተሰጠ፣ ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ አልነበረም። ወንድ ሲሄድ ጥያቄ ስለሚበዛበት ምሳውን የምታደርሰው አስካለማርያም ነበረች። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግራ ትሄዳለች፣ በፀሐይ ትቆማለች፣ ሳህኑን ይዛ ትመለሳለች። በሳህኑ ጥግ ሁልጊዜ አንድ ቃሪያ ታስቀምጣለች፤ የቤቱ ልማድ ነው። ገብረ መድኅን ከልጅነቱ ጀምሮ ቃሪያ አይነካም፤ ስለዚህ ቃሪያዋ እንዳለች ትመለሳለች። ሣህሉ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሳህኑን ነበር። ያቺን ቃሪያ ለራቱ ይበላታል። ከልጁ የሚደርሰው ደብዳቤ እሷ ነበረች።

አሁን ወደ ጓጉንቸሩ እንመለስ። በ1971 መጀመሪያ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን የሞላው የእንጨት ሣጥን ተራው ደረሰ። ምስክሮቹ ቆመዋል፤ ሣህሉ መዶሻውን አነሳ፤ ክንዱ ግን አልወርድም አለው። ምክንያቱን ቢጠይቁት አያውቀውም። «ነገ» አላቸውና መዶሻውን አስቀመጠ። በምሳ ሰዓት ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለበት ሣጥኑን በጋሪ አስጭኖ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ወዳለው አብዲቃድር ሄደ። አብዲቃድር ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ሞርሳውን ተክሎ ቁልፍ የሚቀርጽ ሽማግሌ ነው። ጓጉንቸሩን አየው፣ ሁለት ሽቦ አስገባ፣ ስለ ሙቀቱ እያማረረ ከፈተው። ሣህሉ እንደገና እንዲቆልፈውና እንደገና እንዲከፍተው ለመነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓጉንቸር በሽቦ መክፈት የሣህሉ መዝናኛ ሆነ። አንዱ ዳማ ይጫወታል፣ አንዱ ጫት ይዞ ይቀመጣል፤ እሱ ደግሞ ጣቢያው የጣላቸውን አሮጌ ጓጉንቸሮች በካርቶን ሰብስቦ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ይጎረጉራል። አብዲቃድር ያስተማረው ጥቂት ነው። በጓጉንቸሩ ሆድ ውስጥ ትናንሽ የነሐስ ዘንጎች በጥምዝ የሞላ ሽቦ ተገፍተው ተደርድረዋል። በአንድ እጅ ጓጉንቸሩን የምታዞርባትን ቀጭን ብረት፣ ማዞሪያዋን፣ በጣም በትንሹ ትይዛለህ፤ በሌላው እጅ በመንጠቆዋ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ታነሳለህ። እያንዳንዱ ቦታውን ሲያገኝ ጣትህ ላይ ትንሽ ይነካሃል። ለሣህሉ በዓለም ላይ የቀረለት ስሜት ያቺ ንክኪ ብቻ ነበረች። ለእሷ ሲል ሰዓታት ይቀመጥ ነበር።

አብዲቃድር አንድ ሕግም ነገረው። «የማታውቀውን ሰው ቁልፍ አትንካ። የምታውቀውን ደግሞ ሳታስፈቅድ አትንካ። ካላስ፣ ሌላ ሕግ የለም» አለው።

ሣህሉ ሕግ የሚወድ ሰው በመሆኑ ሌላ ሰው የማይሠራውን አንድ ስሕተት ሠራ። የሽቦዎቹን ዝርዝር በሁለት ኮፒ ጽፎ፣ «በትርፍ ጊዜዬ የምጠቀምባቸው መሣሪያዎች» ብሎ ርዕስ ሰጥቶ፣ እንዲመዘገብለት ቀበሌ ይዞ ገባ። ልጁ የታሰረበት ሰው፣ በዚያ ዘመን፣ በር መክፈቻ ይዞ ቀበሌ! ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። በየትኛው መዝገብ እንደሚያስገባው ስላላወቀ «ታይቷል» ብሎ ማኅተም መታበትና ቁልፉ የጠፋበትን የቀበሌውን መጋዘን አስከፈተው። አስካለማርያም ይህን ስትሰማ ሮጣ የበሩን መወርወሪያ ጣለች። ሣህሉ ግን ፍርሃቱም አብሮ ደንዝዞ ነበርና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

በ1972 ጥር ላይ ቃሪያዋ መመለሷን አቆመች። ሳህኑ ሙልጭ ብሎ መጣ። በማግስቱም እንደዚያው። ሣህሉ ሳህኑን አገላብጦ አየና፣ «እስር ቤት ቃሪያ አስለመደው በይኛ» ብሎ ሳቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሳቀው የመጀመሪያ ሳቅ ነው። አስካለማርያም ፊቷን ወደ ውኃው ጋን መልሳ፣ «ረሀብ የማያስለምደው የለም» አለች።

ኑሮ እንደዚህ እያለ 1973 ክረምት ገባ። ለአብዮት በዓል እስረኞች ይፈታሉ የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ሣህሉ ወሬውን ከጣቢያ ይዞ መጣና ሣጥኑን አየ። ልጁ ሲወጣ የሚለብሰው ጥቁር ሙሉ ልብሱ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሦስት ዓመት ተኩል አየር አላገኘም። ብል ሳይበላው መውጣት፣ መናፈስ፣ መተኮስ አለበት። መስበር ግን አይሆንም። በሥራው እንደሚያውቀው ሣጥኑ የሚሰበርበት የማይመለስ ሰው ነው። ፈቃዱን በተመለከተ አብዲቃድርን አማከረው፤ ሽማግሌውም፣ «አባት ልጁን ልብስ ላናፍስልህ ቢለው እምቢ ይላል? አይልም» አለው።

አስካለማርያም ግን ተቃወመች። ብልም ቢሆን ይብላው፣ አዲስ ይገዛለታል፣ የሰው ሣጥን ነው አለች። ሣህሉ እሷም እንደ እሱ ምልኪ ፈርታ መሰለውና፣ እንደማይሰብረው ደጋግሞ ነገራት።

ችግሩ ጓጉንቸሩ ነበር። ከጅቡቲ የመጣ ወፍራም ነሐስ ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳው ግን ጠባብና ጠማማ። ሣህሉ ከብረት መጋዝ፣ ከሴጌቶ፣ ምላጭ ሞርዶ የሠራቸው መንጠቆዎች አፉ ላይ ይቀራሉ። የጃንጥላ ሽቦ ይገባል፤ ሲገባ ግን ይለግማል፣ ዘንጉን ማንሳት ትቶ እሱው ይታጠፋል። የብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ራጂም ሞከረ፤ ክብ በመሆኑ ይንሸራተታል። አብዲቃድር የራሱን እንዲያበድረው ቢጠይቀው፣ «እኔ በእነዚህ ነው የምበላው፣ አቦ። የራስህን ግዛ» አለው። ሲገዛም እንዴት እንደሚመርጥ መከረው። ብዛት አይታለል። አንድ ቀጭን መንጠቆ፣ አንድ ጫፏ ትንሽ የቀና፣ አንድ ማዞሪያ፤ ሦስት ይበቃሉ። ዋናዋ ማዞሪያዋ ናት፤ ገዢ ሁሉ መንጠቆ ሲመርጥ ውሎ ማዞሪያዋን ሳያይ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ቀፊራ ገበያ የሄደው ሣህሉ ያደረገውን ስሙ። የቀፊራዋ ነጋዴ ፋርሒያ ከጅቡቲ ባቡር ላይ የማታወርደው ዕቃ የለም፤ ሳሙናና ሽቶውን ከላይ፣ ፊናንስ እንዲያይባት የማትፈልገውን መሬት ላይ ካነጠፈችው ሽርጥ ሥር ታደርጋለች። ድሬ እንደሆነ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ሁሉም አንተ ነው፤ ሣህሉ ከመንዝ ይዞት የመጣውን «እርስዎ» እዚህ ከተማ የሚመልስለት አጥቶ ከተወው ቆይቷል።

«አንተ ሣህሉ፣ ወላሂ ይኼ ከፓሪስ ነው» ብላ በቀይ ፕላስቲክ የተደረደሩ አሥራ አምስት የሚያብረቀርቁ መንጠቆዎች ዘረጋችለት።

አሥራ አምስት! አንዷ እንደ መጋዝ ጥርስ አላት፣ አንዷ እንደ ማንኪያ ጫፏ ክብ ነው፣ የሌሎቹ ጥቅም ለፋርሒያም አልገባትም። ሣህሉ የአብዲቃድርን ምክር እዚያው ቀፊራ መሬት ላይ ጥሎ ቀዩን ገዛ። ቤቱ ገብቶ በጣቢያው ጓጉንቸር ሲሞክራቸው የመጀመሪያዋ እንደ ቆርቆሮ ተጣጠፈች፤ የሁለተኛዋ ጫፍ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ሰባራዋን በፒንሳ ለማውጣት ሁለት ምሽት ፈጀበት። እግዜር ያሳየው ነገር ቢኖር በልጁ ጓጉንቸር አለመጀመሩ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀዩን ይዞ ተመለሰ። ፋርሒያ እስኪበቃት ሳቀች፤ ፓሪስም ቀርታ ከየት እንደመጣ እንደማታውቅ አመነች። ሳቋ ሲያልቅ አንድ የተበላ የቆዳ ከረጢት ከሽርጡ ሥር አወጣች። ጅቡቲ ላይ የሞተ የአንድ ግሪካዊ ቁልፍ ሠሪ ዕቃ ነበር አለች፤ ለማንም አላሳየችውም፤ ያረጀ ብረት ማን ይገዛል ብላ።

ሣህሉ በዚህ ጊዜ ተማረ። የካርቶን ቁራጭ ከልጁ ጓጉንቸር አፍ ልክ ቆርጦ መጥቷል፤ እያንዳንዱን ብረት ከካርቶኑ ጎን አስተኝቶ ውፍረቱን አየ። ጫፉን በጥፍሩ ተጭኖ ለቀቀው፤ የታጠፈው ቀና፣ ጥሩ አረብ ብረት ነው። ጠርዙን በከንፈሩ ዳሰሰ፤ ሟቹ ግሪክ ለዓመታት ሲያሻሸው ለስልሷል፣ ሻካራ ብረት ዘንጉን እየጫረ ጣትን ይዋሻል። መጨረሻ ላይ ማዞሪያዎቹን አነሳ። ሦስት ነበሩ። ለመሞከሪያ ይዞት ከመጣው የጣቢያ ጓጉንቸር ውስጥ አንድ በአንድ አስገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። ወፍራሟ ድምፅ አታሳልፍም። ሁለተኛዋ ትላላለች። ሦስተኛዋን ሲይዝ የዘንጎቹ ንክኪ እስከ ክንዱ ድረስ ወጣ። ገበያው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመውን ጎልማሳ ገበያተኛው ከቦ ያየው ነበር።

«ይችን» አለ ሣህሉ። «ከእነዚህ ከሁለቱ መንጠቆዎች ጋር። ሌላው ይቅር።»

ፋርሒያ ከረጢቱን ጨምራ ሰጠችው። ምን ሊከፍት እንደሆነ ጠየቀችውና ነገራት። «አብሽር» አለችው ቀስ ብላ። የቀዩን ዋጋ ቀንሳ ስታስብለትም አልተከራከረችም፤ እሷን የሚያውቅ ይህን አያምንም።

ቤት ሲደርስ አስካለማርያም ምሳውን ይዛ ወጥታለች። ሣጥኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎተተውና መሬት ላይ ተቀመጠ። ማዞሪያዋ ገባች፤ መንጠቆዋ ጠማማውን አፍ አልፋ ገባች። አንደኛው ዘንግ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ደክሞት አረፈ፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ እንደገና ጀመረ። አምስተኛው ቦታውን ሲያገኝ ጓጉንቸሩ ያለ አንዳች ጭረት ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለው። ሦስት ዓመት ተኩል ያላየው ደስታ ነበር፤ ለአንድ አፍታ ቆየ።

ክዳኑን አነሳ። ጥቁሩ ሙሉ ልብስ አለ፤ ብል አልነካውም፣ አዲስ የብል መድኃኒት ይሸታል። ከሙሉ ልብሱ በላይ ግን ሰማያዊ ሰንበር ያለው ነጭ ሸሚዝ ታጥፎ ተቀምጧል። ታጥቧል፤ ተተኩሷል። ሁለተኛው የደረት ቁልፍ ከባቡር ኮቱ የተፈታው ናስ ነው።

ሣህሉ ጣቱን ናሱ ላይ አደረገ። ይህ ሸሚዝ እዚህ ሊኖር አይችልም። ልጁ ለብሶት ነው የሄደው። ቁልፏም ኪሱ ውስጥ ነበረች። እንግዲህ ሸሚዙም ቁልፏም ከእስር ቤት ወጥተዋል፤ ልብስ ከእስር ቤት ተጠቅልሎ የሚወጣው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። አጣጠፉን አየ፤ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ መልሳ የምታጥፈው አስካለማርያም ናት። ከዚያ ቃሪያዋ ትዝ አለችው። ከዓመት ከመንፈቅ በላይ፣ በየቀኑ፣ ያን ሳህን ሌላ ሰው ሲበላው ኖሯል።

ልጄ ሞቷል አለ በልቡ። ቃሉን ብሎ ጠበቀ፤ እንባ የሚባል ነገር አልመጣም። ክዳኑን መልሶ ጓጉንቸሩን ተጫነው፤ ቆለፈ። ሣጥኑን ወደ ቦታው ገፋው።

አስካለማርያም ባዶውን ሳህን ይዛ ገባች። ዓይኗ መጀመሪያ መሬቱ ላይ ወዳሉት መሣሪያዎች፣ ከዚያ ወደ ሣጥኑ ሄደ።

«አልተከፈተም» አላት። «ሲመጣ ራሱ ይከፍተዋል።»

ተንፍሳ ነጠላዋን አወረደች። «ሲመጣ ይከፍተዋል» አለች።

በማግስቱ እሁድ ነው። አስካለማርያም ምሳውን ስታዘጋጅ ሣህሉ ጓዳው በር ላይ መጥቶ ቆመ። እንጀራውን አጠፈች፣ ሽሮውን ጨመረች፣ ጥግ ላይ አንድ ቃሪያ አኖረች።

«አንድ ጨምሪለት» አላት። «ሰውየው ይወዳል።»

እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ከዚያ ከአንገቷ ማተቧን ሳበች፤ ከመስቀሉ አጠገብ ትንሽ የነሐስ ቁልፍ ታስራለች። ፈታችና መደቡ ላይ አስቀመጠቻት።

«አምና ጥር ላይ ነው» አለች። «ልብሱን ሰጡኝ። ልነግርህ መጥቼ ነበር፤ አንተ ሳህኑን አየህና ሳቅህ። ሰው ስትመስል ካየሁህ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እንዴት ልንገርህ?»

ሣህሉ ቁልፏን አነሳት። ቀላል ናት፤ ሰውነቷ የሚስቱን ሙቀት ይዟል። ጣቱ ያን ሙቀት ለየው።

«ማነው የሚበላው?» አላት።

«ተማም የሚባል የዋሂል ገጠር ገበሬ ነው። ስንቅ የሚያመጣለት ሰው የለውም። የገብሬን ምሳ ሲመልሱልኝ በሩ ላይ ስሙን ሲጠሩ ሰማሁ፤ ለእሱ ስጡልኝ አልኳቸው። አይቼው አላውቅም።»

ሣህሉ መደቡ ላይ ካለው የቃሪያ ዕቃ ሌላ አንዲት አንስቶ በምሳው ሳህን ከመጀመሪያዋ ጎን አስቀመጠ። ሳህኑን ከድኖ በጨርቁ ቋጠረና አቀበላት። እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር፤ እሱ በመዳፉ ጠረገላት። ድንኳን መጣል ነበረበት፤ ሰው መጥራት ነበረበት፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

«ስትመለሺ እናለቅሳለን» አላት። «አሁን ሂጂ፤ ይቀዘቅዝበታል።»